የድጓ ምልክቶችና የፎቶሾፕ ፍጥነት፦ አጭር ታሪካዊ ምልከታ

የጋይንት ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በድጓ መስመሮች መካከል የሚሰፍሩት የዜማ ምልክቶች እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ፣ ብራናን በካሜራ አንስቶ የሚያጠና ተመራማሪ ምስሉን በፎቶሾፕ ማጥራቱ አይቀርም።

ፎቶሾፕ በ1990 ሲወጣ (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተዘጋጀው የሞቶሮላ ፕሮሰሰር ላለው ማኪንቶሽ ነበር። አፕል በ1994 ወደ ፓወርፒሲ፣ በ2006 ወደ ኢንቴል፣ በ2020 ደግሞ ኤም 1 ወደተባለው የራሱ ፕሮሰሰር ተሻገረ። አዲስ ፕሮሰሰር ለቀድሞው የተጻፈውን ትእዛዝ በቀጥታ አይረዳም፤ ሶፍትዌሩ እንደገና እስኪዘጋጅለት ድረስ በአስተርጓሚ ይሠራል። በ2006 ፎቶሾፕ ሮዜታ በተባለው አስተርጓሚ ሲሠራ አዘገመ፤ ለኢንቴል የተዘጋጀው ሲኤስ 3 የወጣው በ2007 ነው። ለኤም 1 የተዘጋጀው ግን በማርች 2021፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ደረሰ፤ አዶቢም አብዛኞቹ ተግባራት ከተመሳሳይ የቀድሞ ማሽኖች ጋር ሲነጻጸሩ በአማካይ 1.5 እጥፍ እንደፈጠኑ አስታወቀ።

እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ፍጥነት ነው። ቀድሞ አንዱ ቅጠል እስኪጠራ ስንጠብቅ ምስሉን እናስተውል ነበር። ዛሬ መቶ ቅጠል በአንድ ትእዛዝ ይታረማል። ይዘት የሚባለው ምልክት አንዲት ነጥብ ናት፤ ርክርክም የነጥቦች ድርድር ነው። የምስል ጉድፍ የሚያጠፋው መሣሪያ እነዚህን ጉድፍ አድርጎ ሊፍቃቸው ይችላል። የድጓ መምህር ጉድለቱን ወዲያው ይለያል፤ ሶፍትዌሩ ግን ዜማ አልተማረም። ስለዚህ በጋይንትም ሆነ በእስቴና በስማዳ ብራና የምታነሡ ተማሪዎች ጥሬውን ምስል ሳትነኩ አኑሩ፤ የታረመውንም ከብራናው ጋር፣ መምህሩ ባሉበት አመሳክሩ።