አንድ ልብ፣ ሁለት ትርጉም

በእኛ አነጋገር “አንድ ልብ ሆኑ” ሲባል ተስማሙ፣ ተባበሩ ማለት ነው። በብሪጅ ጠረጴዛ ዙሪያም “አንድ ልብ” የሚባል ቃል አለ። ይህን ቃል ለመመለስ የተፈጠሩት ዘዴዎች ታሪክ ሰምና ወርቅን ለሚያውቅ ወገን እንግዳ አይሆንበትም። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። ብሪጅን የሚጫወቱት አራት ሰዎች ሲሆኑ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለት ሁለቱ አጋሮች ናቸው። 52ቱ ካርታ ተበውዞ ለእያንዳንዱ 13 ይታደላል። ካርታ ከመጣሉ በፊት ጨረታ አለ። “አንድ ልብ” ያለ ሰው “የልብ ካርታ ገዥ ይሁንና ከ13ቱ ዙር 7ቱን እናሸንፋለን” ማለቱ ነው። “አራት ልብ” ያለ ደግሞ 10 ዙር ለማሸነፍ ቃል ገባ ማለት ነው፤ ከተሳካለት ትልቅ ጉርሻ ያገኛል። ሦስት ልብ ላይ የቆመ ግን 10 ዙር ቢያሸንፍም ጉርሻው ያመልጠዋል። ይህን የነጥብ አቆጣጠር በ1925 ፊንላንድ በተባለች መርከብ በፓናማ ቦይ በኩል ሲጓዝ ያወጣው የባቡር ሐዲድ ከበርቴዎች ልጅ የነበረው ሃሮልድ ቫንደርቢልት ነው።

ችግሩ የቃላት ማነስ ነው። በጨረታው የተፈቀዱት ቃላት ከነ“አልፌያለሁ”ው 38 ብቻ ናቸው። አንድ ሰው ሊደርሱት የሚችሉት የ13 ካርታ ዓይነቶች ግን 635,013,559,600 ናቸው። ግእዝን በ38 ቃል ተናገር እንደማለት ነው! ስለዚህ ተጫዋቾች አንዳንዱን ቃል ከሰሙ እያላቀቁ ሌላ ወርቅ ይሰጡት ጀመር። ሰው ሠራሽ መልስ የሚባለው ይኸው ነው።

በ1930ዎቹ የጨዋታው ንጉሥ በነበረው በኢሊ ካልበርትሰን ዘመን አጋሩ “አንድ ልብ” ሲል “ሦስት ልብ” ብሎ የመለሰ ሰው ጠንካራ ካርታ እንዳለውና ከአራት በታች እንደማይቆም ይናገር ነበር። በኋላ የመጡት “ሦስት ልብ” ግብዣ ብቻ ይሁን፤ አቅም ካለህ ጨምር፣ ከሌለህ ተወው አሉ። ያን ጊዜ ጠንካራው እጅ ቃል አጣ። ኦስዋልድ ጃኮቢ “ሁለት ያለ ገዥ” የሚለውን አነሣለት። ሰሙ “ገዥ ሳይኖር 8 ዙር እናሸንፋለን” ነው። ወርቁ ደግሞ “ቢያንስ አራት ልብ አለኝ፤ ወደ አራት መሄዳችን አይቀርም፤ የትኛው ካርታ እንደሚያንስህ ንገረኝ” የሚል ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው በ1960ዎቹ ዶረቲ ሄይደንና ዴቪድ ካርተር እየብቻቸው ያወጡት ነው። አጋሩ “አንድ ልብ” ሲል ይኸኛው ዘሎ “አራት አበባ” ይላል። አበባ የሚባለው ባለ ሦስት ቅጠሉ ጥቁር ካርታ ነው። የሰማ ሁሉ አበባ ሞልቶታል ይላል። ወርቁ ግን ተቃራኒው ነው፤ “ልብ በደንብ አለኝ፤ አበባ ግን አንድ ብቻ ነው፣ ወይም ጭራሽ የለኝም” ማለት ነው። የሌለውን ጠርቶ ያለውን ይናገራል። አጋሩም በአበባ ብዙ ዙር እንደማይጠፋ ስለሚያውቅ እስከ 12 ዙር ሊመኝ ይችላል።

የቶሮንቶው ዳግላስ ድሩሪ ታሪክ ደግሞ ያስቃል። አጋሩ ኤሪክ መሪ ሁለቱ ከፊቱ ካለፉ በደካማ ካርታም ቢሆን ጨረታ መክፈት ይወድ ነበር። ድሩሪም “ሁለት አበባ” የሚለውን “ለመሆኑ እውነትህን ነው?” የሚል ጥያቄ አደረገው። መሪ “ሁለት ዳይመንድ” ካለ “ቀልዴን ነው” ማለቱ ነበር። በኋላ ማርቲ በርገን “ሦስት አበባ”ንና “ሦስት ዳይመንድ”ን የልብ ድጋፍን መጠን መለኪያ አደረጋቸው። ከኮሎምበስ በስተ ምዕራብ በ70 ቁጥር አውራ ጎዳና የምትገኘው የኢንዲያናፖሊስ ሰው ኢዝሊ ብላክውድም “አራት ያለ ገዥ”ን “ስንት ኤስ አለህ?” የሚል ጥያቄ ያደረገው በ1930ዎቹ ነው። የመድን ሠራተኛ ነበር።

ኦሃዮም ለዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለችም። በኦቤትስ መጋዘኖች በምሳ ዕረፍት ካርታ የሚበውዝ ሰው በእጁ የያዘው ባይስክል የተባለው ካርታ ከሆነ፣ ያ ካርታ መታተም የጀመረው በ1885 ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ በምትገኘው ሲንሲናቲ ነው። አሳታሚው ኩባንያ ብሪጅን ለማስፋፋት በ1923 የራሱን የሬዲዮ ጣቢያ እስከ ማቆም ደርሷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ውኃ ሲነካቸው ተላጠው የማምለጫ ካርታ የሚያሳዩ የመጫወቻ ካርታዎች ለምርኮኞች አዘጋጅቷል። እንዲህ ያለው ወርቅ እንኳን ደስ ያሰኛል።

የብሪጅ ሕግ ግን ከቅኔ ቤት የሚለይበት አንድ ነገር አለ። በቅኔ ቤት ወርቁን ራስህ ፈልገው ነው። በብሪጅ ባላጋራ “ምን ማለቱ ነው?” ብሎ ከጠየቀ የተናጋሪው አጋር ስምምነታቸውን በግልጽ የመናገር ግዴታ አለበት። የፈለጉትን ቋንቋ መፍጠር ይቻላል፤ መደበቅ ግን ማጭበርበር ነው። ሳንሱር ባለበት አገር የኖረ አንባቢ የተሰወረ ወርቅን ጥቅም ያውቃል። እዚያ የደካማው ጋሻ ነበር። እኩል በተቀመጡ አራት ሰዎች መካከል ግን ስርቆት ነው።

ይህ ሕግ ክፉኛ የተፈተነው በ1965 ቡዌኖስ አይረስ በተደረገው የዓለም ውድድር ነው። አሜሪካዊው ቢ. ጄይ ቤከር እንግሊዞቹ ቴረንስ ሪስና ቦሪስ ሻፒሮ ካርታቸውን የያዙበት የጣት ብዛት በየጊዜው ሲለዋወጥ አየ። ለአጋሩ ነገራት፤ አጋሩም ከላይ ያነሣናት ዶረቲ ሄይደን ነበረች። ጋዜጠኛው አለን ትረስኮት ተጨምሮ ነገሩን ሲመረምሩ የጣቱ ብዛት የልብ ካርታቸውን ቁጥር ይናገራል አሉ። የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን ጥፋተኞች ናቸው አለ። በ1966 ለንደን ላይ የተቀመጠው አጣሪ ጉባኤ ግን ጥፋቱ ያለ ጥርጥር አልተረጋገጠም ብሎ ነፃ አወጣቸው። ሁለቱ ፍርዶች እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ቆመዋል። በ1975 በቤርሙዳው ውድድር አጋሮች እንዳይተያዩ በጠረጴዛው መካከል መጋረጃ ተዘረጋ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሁለት ጣልያኖች ከጠረጴዛው በታች በእግር ሲነካኩ ታዩ።

ቃሉ ለጠረጴዛው ሁሉ ክፍት ይሁን የሚሉት የአሜሪካ ማኅበራት ጠረጴዛውን ራሱን ለጥቁር ሕዝብ ዘግተው መኖራቸው ግን ሊታለፍ አይገባም። ስለዚህም በ1932 ጥቁር አሜሪካውያን በቨርጂኒያ ባክሮ ቢች ተሰብስበው የራሳቸውን የአሜሪካ ብሪጅ ማኅበር አቋቋሙ። የነጮቹ ማኅበር ማንም ሰው በዘሩ ምክንያት ከአባልነት እንዳይከለከል የደነገገው በ1967 ነው፤ ማለትም ቡዌኖስ አይረስ ላይ ስለ ጣት ከተከራከሩ ከሁለት ዓመት በኋላ። የባክሮ ቢቹ ማኅበር ዛሬም አለ፤ ውድድሩንም ለማንኛውም ዘር ክፍት አድርጎ ያካሂዳል።