የክብር ዘበኛው ሠዓሊ፤ ፓቬል ፌዶቶቭ

በ1844 መግቢያ ላይ (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በሴንት ፒተርስበርግ የፊንላንድ ክብር ዘበኛ ክፍለ ጦር አባል የነበረው ፓቬል ፌዶቶቭ የሻምበልነት ማዕረጉን ይዞ ከሠራዊቱ ተሰናበተ። ዕድሜው ገና ሠላሳ አልሞላም። የተረጋገጠውን እንጀራ ትቶ የመረጠው ቀለምና ብሩሽ ነው። ቀዳማዊ ኒኮላስ በወር 100 የወረቀት ሩብል ቈረጡለት፤ እርሱም ከዚያችው ላይ ቀንሶ ሞስኮ ለሚኖሩት ድኾች ቤተሰቦቹ ይልክ ነበር።

በ1815 ሞስኮ ተወልዶ በ11 ዓመቱ የጦር ትምህርት ቤት የገባ ሰው፣ ሥዕልን የተማረው ከሰልፍና ከተራ ጥበቃ በተረፈችው ሰዓት ነው። እርግጥ ነው፣ በሥነ ጥበብ አካዳሚ የማታ ክፍል ተቀምጧል፤ በኤርሚታዥ ቤተ መዘክርም በሆላንድ ሠዓሊዎች ሥራ ፊት ቆሞ ውሏል። ሆኖም የአካዳሚውን መደበኛ ትምህርት አልተከታተለም። መጀመሪያ የተመኘውም የጦር ሜዳ ሥዕል ነበር። የተራውን ሰው ኑሮ እንዲሥል በደብዳቤ የገፋፋው ስመ ጥሩው የተረት ደራሲ ኢቫን ክሪሎቭ ነው። ደራሲ ለሠዓሊ መንገድ ሲያሳይ ሁልጊዜ አይገጥምም።

በ1846 የሣለው «አዲሱ ባለ ኒሻን» አንድ ዝቅተኛ የመንግሥት ጸሐፊ ያሳያል። ትናንት የመጀመሪያ ኒሻኑን ተቀብሎ ሲጠጣ አድሯል። ዛሬ በባዶ እግሩ፣ ጠጕሩን በወረቀት እንደ ጠቀለለ፣ ኒሻኑን በቤት ካባው ላይ ሰክቶ እንደ ሮማ ጀግና ይጀነናል። ወጥ ቤቷ ደግሞ የተቀደደ ጫማውን አንሥታ ታሳየዋለች። መድረክ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚጐድለው መጋረጃ ብቻ ነው። ሳንሱር ግን ሥዕሉ ሲባዛ ኒሻኑ እንዲወጣ አዘዘ፤ ነገሩ ገብቶታል ማለት ነው።

«የሻለቃው እጮኛ ጥየቃ» ሲሣል፣ ለነጋዴው ሳሎን የሚስማማ ባለ ሻማ መብራት ፍለጋ በየመጠጥ ቤቱ ዞሯል። ሥዕሉ በ1848 የአካዳሚሺያንነት ማዕረግ አስገኘለት። ሲታይም ሠዓሊው ራሱ አጠገቡ ቆሞ የጻፈለትን ግጥም ለተመልካቹ ያነብ ነበር።

ደስታው አልሰነበተም። በ1849 የፔትራሼቭስኪ ክበብ አባላት ሲታሰሩ፣ ሥዕል በእንጨት እየቀረጸ የሚያትመው ባልደረባው በርናርድስኪም ታሰረ። አብረው ሊያወጡት ያሰቡት የሥላቅ መጽሔት ሳይወለድ ቀረ፤ ሳንሱሩም ጠበቀ፤ ዕዳው ከበደ።

የኋለኞቹ ሥዕሎቹ ሣቅ የላቸውም። «ድገም፣ አሁንም ድገም!» በተባለው፣ በአንዲት ጠባብ የገጠር ጎጆ ውስጥ አንድ መኮንን አልጋው ላይ በደረቱ ተኝቶ ውሻውን በበትር ላይ ያዘልላል። ሻማው የሚሰጠው ቀይና ጭስ ያዘለ ብርሃን ነው፤ የመኮንኑ ፊት እንኳ በቅጡ አይለይም። ቀድሞ እያንዳንዱን ሳሕንና መቀነት ለይቶ ይሥል የነበረው እጅ፣ እዚህ ላይ ጨለማውን ራሱን ሣለው። ውሻው ይዘልላል፤ ሌሊቱ አያልቅም።

በ1852 አእምሮው ታወከና ወደ ሕሙማን ቤት ተወሰደ። ከውትድርናው ዘመን ጀምሮ ያገለገለው ወታደር እስከ መጨረሻው አልተለየውም። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር፣ በ37 ዓመቱ ሞተ። በስሞሌንስክ መካነ መቃብር ሲቀበር የለበሰው ያንኑ ትቶት የወጣውን የክብር ዘበኛ ደንብ ልብስ ነበር።