ከካሴት የወረስነው ጩኸት

ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ጣርማ በርን ወርዶ፣ በሸዋ ሮቢት አልፎ ማጀቴ ለሚገባ ተሳፋሪ ሙዚቃ የሚመርጥለት ሹፌሩ ነው። ብዙ ጊዜ ቤዙ መቀመጫ ያንቀጠቅጣል፣ ትሬብሉ ጆሮ ይበሳል፤ ግጥሙ ግን አይሰማም። ልማዱ ታሪክ አለው።

አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ ሸክላ የቤትና የቡና ቤት ዕቃ ነበር። ዘፈንን መንገድ ያስወጣው ፊሊፕስ በ1963 ያስተዋወቀው ካሴት ነው። ካሴት ግን ከካሴት በተገለበጠ ቁጥር ቀጭኑ ድምፅ ይሟሽሻል፣ ሽሽ የሚለው የክሩ ድምፅ ይበዛል። ሹፌሩ የሟሸሸውን በትሬብል፣ ሞተሩ የዋጠውን በቤዝ ማካካሱ ለጊዜው መላ ነበር።

ዛሬ ዘፈኑ ከፍላሽና ከስልክ ይመጣል፤ እጅ ግን ልማዱን አልተወም። የዘፋኙ ቃልና የክራሩ ዜማ በአብዛኛው ያሉት መሃል ላይ ነው። ሁለቱ ጫፎች ሲጮኹ መሃሉ ይዋጣል፤ ሰሙም ወርቁም አብሮ ይጠፋል።

ማስተካከያው ገንዘብ አይጠይቅም፦ ሁለቱንም ዜሮ ላይ መመለስ፣ የጎደለውን ከመጨመር የበዛውን መቀነስ፣ ስፒከሩ መሻከር ሲጀምር ድምፁን ዝቅ ማድረግ።

የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ እንዳይሰማ ይመክራል። ተሳፋሪው ማጀቴ ሲደርስ ይወርዳል፤ ሹፌሩ ግን ከነጩኸቱ ይመለሳል።