ዐይን መክፈቻ፦ ጫት፣ እገዳና ምክር በሐርጌሳ

በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥ አንድ ዛቻ ተመዝግቦ ይገኛል። የኢፋቱ ገዥ ሰብረዲን የንጉሡን መናገሻ መርዓዴን ይዞ ጫት እንደሚተክልባት ዝቶ ነበር፤ ወገኖቹ ቅጠሉን ይወዱታልና። ይህ በ14ኛው ምዕተ ዓመት የነበረ ነገር በአካባቢያችን ስለ ጫት ከሚጠቀሱት የጽሑፍ ማስረጃዎች ቀደምቱ ነው። ያን ጊዜ ቅጠሉ የድል ምልክት ተደርጎ ተነገረ። በዛሬዪቱ ሐርጌሳ ግን ሴቶች በየመንገዱ ዳር የሚቸረችሩት፣ የብዙ ወንዶችንም ከቀትር በኋላ ያለውን ጊዜ የሚወስድ የዕለት ሸቀጥ ነው።

ሸቀጡ የሚመጣው ከሐረርጌ ደጋ ነው። አወዳይ ላይ ተጭኖ በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ በኩል ይከንፋል። መኪኖቹ የሚጣደፉት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1975 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ከቅጠሉ ለይቶ ያወጣው ካቲኖን የተባለው ዋነኛ አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደከመ ነገር ይለወጣል። የትናንት ጫት ዋጋ የሚያጣው በዚህ ነው።

ከቅጠሉ ጋር ቃላትም ድንበር ተሻግረዋል። እኛ «ምርቃና» የምንለውን ሶማሌዎች «ምርቃን» ይሉታል። የትናንቱን ድካምና ድብርት ለማባረር በማለዳ የሚቃመውን በሐረርጌ «ኢጀበና» ይሉታል፤ ቃሉ ከኦሮምኛ የመጣ ሲሆን ፍቺው «ዐይን መክፈቻ» እንደ ማለት ነው። ሐርጌሳም «ኢጀባኔ» ብላ ተቀብላዋለች። ተርጓሚ ነኝና ይህ ቃል አስደንቆኛል። በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ሐኪም ጆን ዩዊንግ በ1984 ያሳተማቸው፣ የመጠጥ ችግርን ለመለየት እስካሁን የሚያገለግሉ አራት ጥያቄዎች አሉ። መቀነስ ይገባኛል ብለህ ታውቃለህ? ሰዎች ሲወቅሱህ ተናደህ ታውቃለህ? ጸጸት ተሰምቶህ ያውቃል? አራተኛው፣ ጠዋት እንደ ነቃህ መንፈስህን ለማረጋጋት ጠጥተህ ታውቃለህ? የሚል ነው። በእንግሊዝኛው ይህ የማለዳ መጠጥ የሚጠራው «ዐይን መክፈቻ» በሚል ቃል ነው። የሐረርጌ ቃሚና የአሜሪካ ሐኪም ሳይተዋወቁ በአንድ ስም ተገናኙ።

«ሱስ» የሚለው የራሳችን ቃል ግን ሰፊ ነው። ለቡናውም ሱስ፣ ለአረቄውም ሱስ እንላለን። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚሁ ተቸግሯል። በ1957 «ሱስ»ንና «ልማድ»ን ለይቶ ለመተርጐም ሞከረ፤ በ1964 ሁለቱንም ትቶ «ጥገኝነት» የሚለውን ቃል መረጠ። በ1965 የጥገኝነት ዓይነቶች ሲዘረዘሩም ጫት ለብቻው ተጠቅሷል። የቃሉ ለውጥ ቀላል አይደለም። «ሱሰኛ» የሰውየውን ጠባይ ይፈርጃል፤ «ጥገኝነት» ግን በሰውየውና በነገሩ መካከል የተፈጠረውን ግንኙነት ያመለክታል። ግንኙነት ደግሞ ሊለወጥ ይችላል።

መንግሥታት በበኩላቸው ሌላ መንገድ ሞክረዋል። የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር በሶማሌላንድ ጫትን ከልክሎ ነበር፤ ክልከላው ሳይሠምርለት ቀረ። በ1983 ደግሞ የዚያድ ባሬ መንግሥት በመላ ሶማሊያ ጫትን አገደ። የተሰጠው ምክንያት ጤናና ኢኮኖሚ ነበር። የሰሜኑ ሰው ግን የነጋዴዎቹን ገቢ ለማድረቅና በየመቃሚያ ቤቱ የሚደረገውን ወሬ ለመበተን ነው ብሎ ጠረጠረ። የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ከተመሠረተ ገና ሁለት ዓመቱ ነበርና ጥርጣሬው ያለ መነሻ አልነበረም። ጫቱም በኮንትሮባንድ መግባቱን አላቆመም። በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ፈረሰች፤ በ1991 መንግሥቱ ወደቀ፤ ቅጠሉ ግን ወደ አደባባይ ተመለሰ።

በዚያው በ1983 በሌላው የዓለም ክፍል አንድ ጽሑፍ ታተመ። ዊልያም ሚለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ጠጪን በተግሣጽና በክርክር ማስተው እንደማይቻል፣ ይልቁንም ተግሣጹ ሰውየውን ልማዱን እንዲከላከል እንደሚያደርገው ገለጠ። ከስቲፈን ሮልኒክ ጋር በ1991 ያሳተመው መጽሐፍ ዘዴውን በዓለም አስፋፋው። የዘዴው ሐሳብ ይህ ነው፦ ሱስ የያዘው ሰው በሁለት ልብ ነው፤ መተውም ይፈልጋል፣ መቀጠልም ይፈልጋል። አማካሪው ስለ መተው ቢሰብክለት ሰውየው ለመቀጠል ጠበቃ ይቆማል። አማካሪው ቢጠይቀውና ቢያዳምጠው ግን የመተውን ምክንያት ከራሱ አፍ ያወጣዋል። ሰው ደግሞ ከሌላው ምክር ይልቅ ራሱ የተናገረውን ያምናል።

ይህ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በነፍስ አባት ፊት መጠጥን መገዘት፣ በሽማግሌ ፊት መማል የቆየ ልማዳችን ነው። በ1935 በአሜሪካ የተመሠረተው ስም የለሽ የአልኮል ሱሰኞች ማኅበርም መሠረቱ በሰው ፊት ኑዛዜ ነው። ልዩነቱ ከግዝቱ በኋላ ነው። ግዝት የፈረሰበት ሰው ኃፍረት ይዞት ይሸሻል። የምክር ባለሙያ ግን ማገርሸትን ከመንገዱ አንዱ ምዕራፍ አድርጎ ይቈጥረዋል፦ የት ነበርክ? ከማን ጋር? ምን ተሰምቶህ ነበር? ብሎ ይጠይቅና ለሚመጣው ጊዜ ያዘጋጀዋል። ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ለብዙ ዓመት በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል በሽታና ሞት ሊያስከትልበት ስለሚችል ሐኪም ሊከታተለው ይገባል። ጫት ሲቆም በአብዛኛው የሚመጣው ድብርት፣ የእንቅልፍ ብዛትና በአገራችን «ዱካክ» የሚባለው የሌሊት ጭንቀት ነው።

የሐርጌሳ ሸክም ግን ከጫት ይሰፋል። በ2005 የታተመ፣ ሚካኤል ኦደንዋልድና ባልደረቦቹ በከተማዪቱ 4,854 ሰዎችን ይዘው ያካሄዱት ጥናት፣ የአእምሮ ሕመም በወንዶች፣ በተለይም በቀድሞ ተዋጊዎች ላይ እንደሚበረታ፣ ብዙ መቃምም ከሕመሙ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ብዙዎቹ ቅጠሉን የያዙት ጦርነት በልባቸው ከጣለው ነገር ጋር ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ቤተሰቡ ሲቸገር ምን ያደርጋል? ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2015 ባወጣው ዘገባ፣ በሶማሌላንድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በየማቆያው በሰንሰለት ይታሰሩ እንደ ነበር መዝግቧል። በቤተሰብ ፍቅርና ጭንቀት የተፈጸመ ቢሆንም ሰንሰለት የ1983ቱ እገዳ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሁለቱም ሰውየውን ሳይጠይቁት ይይዙታል።

እዚህ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ነገሩ ሁለት እጥፍ ነው። ቅጠሉ የሚመጣው ከአገራችን ነው። መጠጥ በተከለከለበት ከተማ በድብቅ የሚጠጣ ወገናችን ደግሞ ሕግንም ሐሜትንም ፈርቶ ችግሩን ለማንም አይናገርም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ይሁን እንጂ ምስጢሩን የሚጠብቅለት ሰው ያላገኘ ምን ያድርግ? የምክር ሥራ የመጀመሪያው ሕግ ምስጢር መጠበቅ የሆነው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ሕግ ሰውየው በገዛ ቋንቋው እንዲናገር መፍቀድ ነው፤ ጸጸትና ሐራራ በተውሶ ቋንቋ አይነገሩምና። እንግዲህ ወንድሙ ወይም ባሏ በማለዳ ቅጠል ወይም ብርጭቆ ሲያነሣ ያየ ሁሉ፣ ከመቈጣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ይስማ። ዐይን የሚከፈተው በዚያ ነው።