የንጉሡ ጉባኤና የሰንበቴው ድፎ

እሑድ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ የደብሩ ሰንበቴ ቤት ይሞላል። ተረኛው ቤቱ ያስጋገረው ድፎ ተባርኮ ይቆረሳል፤ ጠላው ይቀዳል፤ ንፍሮው ይዞራል። ማዕዱ ለአባላቱ ብቻ አይደለም። በደጀ ሰላሙ የተቀመጡት ነዳያንና የቆሎ ተማሪዎችም ድርሻ አላቸው።

የአንድነት ማዕድ በክርስትና ጥንታዊ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 ባለጠጋው ጠግቦና ሰክሮ ድኻው ተርቦ የሚነሣበትን ግብዣ አጥብቆ ነቅፏል። በእኛ አገር ግን የሰንበቴን ነገር ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ጋር የሚያያይዙ አሉ።

ምክንያት አላቸው። ቀዳሚት ሰንበት (ቅዳሜ) ትከበር አትከበር የሚለው ክርክር ቤተ ክርስቲያኒቱን ከመቶ ዓመት በላይ ከፍሏት ነበር። የእስክንድርያ መንበር አይሆንም ሲል፣ ትከበር ያሉት አባ ኤዎስጣቴዎስ ተሰደው በአርመን አገር አረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ግን አልተበገሩም፤ አፄ ዳዊት እ.ኤ.አ. በ1404 ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። እ.ኤ.አ. በ1450 ዘርዓ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጠርተው ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አስወሰኑ።

አከራካሪው ይህ ውሳኔ የተገኘበት መንገድ ነው። ንጉሡ ያስጻፉት ግብፃውያኑ ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል አምነው እንደተቀበሉ ይናገራል። ሌሎች ደግሞ የገዛ ልጆቻቸውን ሳይቀር በጣዖት አምልኮ ከስሰው ያስገረፉ ንጉሥ ፊት ቆሞ «አይሆንም» ማለት ለማን ይቻለዋል ይላሉ። ጥያቄያቸው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ጳጳሳቱ ወደውም ይሁን ፈርተው፣ ጉባኤው የቆረጠው የቅዳሜን ጉዳይ ነው። እሑድ መከበሯን የተጠራጠረ አልነበረም፤ ሰንበቴው ደግሞ የሚቀመጠው በአብዛኛው እሑድ ነው። አዋጅ ቀን ያስከብር ይሆናል፤ ዱቄቱን የሚያቦካው፣ ጌሾውን የሚወቅጠው ግን ቤተሰብ ነው። ሰንበቴን ያቆመው የቤተ መንግሥት ትእዛዝ ሳይሆን ተራ መጠበቅ ነው ማለቱ ያስኬዳል። ተራውን ያጓደለ በሰንበቴው መሪ በሙሴው ይጠየቃል፤ ከሁሉ በላይ ጎረቤቱን ያፍራል።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ዜና መዋዕሎች የነገሥታቱን ግብር እንጂ የገበሬውን ድፎ እምብዛም አያነሡም። ከብቱ ያለቀበት የ1880ዎቹ ዓ.ም. ክፉ ቀን አለፈ። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን ርስት ወሰደ። ሰንበቴው ግን ከርስት ላይ ሳይሆን ከየቤቱ ሌማት የሚወጣ ነበርና ዘለቀ።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ «ማዕድ ማጋራት» የአገር መፈክር ሆነ። ለሰንበቴ አባል ነገሩ አዲስ አልነበረም። ዘመቻ ሲያልፍ የሚቀረው ተራ የወጣለት ልግስና ነው፤ የኑሮ ውድነቱ በከፋበት በዚህ ጊዜ የየሰፈሩ ዕድርና ማኅበር ከሰንበቴው ሊቀዳው የሚችለውም ይህንኑ ሥርዓት ነው።