ነርቭ አሳዳጊ ፕሮቲኖች

ነርቭ አሳዳጊ ፕሮቲኖች የነርቭ ሴሎች እንዲያድጉ፣ እርስ በርስ እንዲገናኙና በሕይወት እንዲቆዩ የሚያደርጉ፣ ሰውነት ራሱ የሚያመርታቸው ንጥረ ነገሮች ናቸው። በአእምሮ ሕመም ጥናት ብዙ የተባለለት ቢዲኤንኤፍ በሚል ምህጻረ ቃል የሚጠራው ነው፤ መጀመሪያ የተገኘው ግን ኤንጂኤፍ ነው።

ኤንጂኤፍን ያገኙት ጣሊያናዊቷ ሐኪም ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ናቸው። የሙሶሊኒ መንግሥት በ1938 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዘር ሕግ ምክንያት አይሁዳዊቷ ሐኪም ከዩኒቨርሲቲ ሲገለሉ፣ ቱሪን በሚገኘው ቤታቸው መኝታ ክፍላቸውን ላቦራቶሪ አደረጉት። የስፌት መርፌ እየሳሉ የጫጩት ሽል ይበልቱ ነበር። በ1952 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ የጫጩት ነርቭን ከአይጥ ካንሰር ቁራጭ አጠገብ ሲያሳድጉ፣ የነርቩ ክሮች እንደ ፀሐይ ጨረር በዙሪያው ፈንጥቀው አዩ። ከባዮኬሚስቱ ስታንሊ ኮኸን ጋር የ1986ን የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

ቢዲኤንኤፍ በ1982 ሲገኝ ትዕግሥት የጠየቀ ሥራ ነበር። ኢቭ አላን ባርድና ባልደረቦቹ ከ1.5 ኪሎ ግራም የአሳማ አንጎል አጣርተው ያወጡት አንድ ማይክሮግራም ገደማ ብቻ ነው።

ፕሮቲኑ ሁለት መልክ አለው። የበሰለው ትርክቢ ከተባለው ተቀባይ ጋር ሲጣበቅ የሴሎች ግንኙነት ይጠነክራል፤ ያልበሰለው ፒ75 ላይ ሲያርፍ ደግሞ ግንኙነቱ ሊላላ፣ ሴሉም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ «በዛ ወይስ አነሰ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አያዋጣም።

ድብርት የሚመጣው በቢዲኤንኤፍ ጉድለት ነው የሚለው መላምትም ከዚህ አያመልጥም። ጭንቀት የበዛባቸው አይጦች ሂፖካምፐስ በተባለው የአንጎል ክፍላቸው ውስጥ ያለው ቢዲኤንኤፍ ይቀንሳል፤ ፀረ ድብርት መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲሰጣቸው ይጨምራል። የድብርት ሕሙማን ደምም በአማካይ ዝቅተኛ መጠን ያሳያል። ነገር ግን በደም ውስጥ ያለው አብዛኛው ፕሮቲን የሚከማቸው ደም በሚያረጉት ፕሌትሌቶች ውስጥ ስለሆነ፣ የደም ምርመራው ስለ አንጎል የሚናገረው በተዘዋዋሪ ነው፤ በእሱ ብቻ ድብርትን መለየት አይቻልም። ይባስ ብሎ በአይጦች አንጎል ውስጥ ባለው የደስታ መስመር ላይ ይኸው ፕሮቲን ድብርት መሰል ባሕርይን ያባብሳል። ጉድለት ብቻ ነው የሚለው ማብራሪያ እዚህ ላይ ይሰናከላል።

የአካል እንቅስቃሴ ሂፖካምፐስን እንደሚጠቅም ግን የተሻለ ማስረጃ አለ። በ2011 በታተመ ጥናት 120 አረጋውያን ለሁለት ተከፍለው ክትትል ሲደረግላቸው፣ ለአንድ ዓመት ፈጠን ብለው የተራመዱት ሂፖካምፐሳቸው 2 በመቶ ገደማ ሲጨምር የሌሎቹ ቀነሰ።

ታዲያ ቢዲኤንኤፍን በመርፌ መስጠት ለምን አልተቻለም? ትልቅ ሞለኪውል ስለሆነ በደምና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር በቀላሉ አያልፍም፤ የነርቭ ሴሎች እየሞቱ ጡንቻ ለሚሟሽሽበት ኤኤልኤስ የተደረገው ሙከራም ሳይሳካ ቀርቷል። ዓይን ላይ ግን ይህ አጥር እንቅፋት አይሆንም፤ ከውጭ ጠብታ ማድረግ ይበቃል። አሜሪካ በ2018 የፈቀደችው በኤንጂኤፍ የተሠራ ጠብታ፣ ነርቩ በመጎዳቱ የሚቆስለውን የዓይን ብሌን ሽፋን ለማከም ይውላል።