የካቺሲ ደመወዝ በሰው እጅ

ካቺሲ ውስጥ የራስን ገንዘብ በሌላ ሰው እጅ ማስወጣት ከኤቲኤም ካርድ ጋር የመጣ ልማድ አይደለም። ከተማችን የግንደበረት ወረዳ መቀመጫ ብትሆንም የዞኑ ቢሮዎች ያሉት አምቦ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው በጄልዱ አድርጎ ጊንጪ ላይ አስፋልቱን ይይዛል፤ ክረምት ሲገባ መንገዱ ቀኑን ሙሉ ይበላል። ስለዚህ አንድ ሰው ለጉዳዩ ሲነሳ ጎረቤቱም የሥራ ባልደረባውም የየራሱን አደራ ያስይዘዋል። ዛሬ በአደራው መሀል የባንክ ካርድና አራት ቁጥሮችም አሉ።

እኔ በዚህች ከተማ ቾክ ይዤ ያረጀሁ መምህር ነኝ። በወጣትነቴ ደመወዝ የምንቀበለው ከከፋይ እጅ ነበር። ከፋዩ ፔሮሉን ዘርግቶ ስም ይጠራል፤ የተጠራው ከስሙ ትይዩ ይፈርማል፤ ብሩ ይቆጠርለታል። ታሞ የተኛ ወይም ለለቅሶ አገሩ የሄደ መምህር ካለ ውክልና ይጽፋል። ወረቀቷ አጭር ነበረች፦ የወካዩና የተወካዩ ስም፣ የየትኛው ወር ደመወዝ እንደሆነ፣ ቀንና ፊርማ። ርዕሰ መምህሩ አይቶ ክብ ማኅተም ያሳርፍባታል፤ ከፋዩም ከፔሮሉ ጋር አያይዞ ያስቀምጣታል። ለጥቅምት የተጻፈች ወረቀት ለኅዳር አትሠራም ነበር። ተወካዩ ገንዘቡን ሲያስረክብ ደግሞ መምህራን ማረፊያ ውስጥ፣ ሰው እያየ ነበር የሚቆጥረው። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ አሰልቺ ሥርዓት ይመስለን ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን የትንሽ ደመወዛችን ጠባቂ እሱ ነበር።

እድራችንም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ገንዘቡ ባንክ ሲገባ ሂሳቡ የሚንቀሳቀሰው በጣምራ ፊርማ ነው፤ ሊቀመንበሩ ብቻውን፣ ገንዘብ ያዡም ብቻውን አንድ ብር አያወጡም። ሰዎቹ ስላልታመኑ አይደለም። ነገ ጥያቄ ቢነሳ ንጹሑ ሰው ምስክር እንዲኖረው ነው።

ሕጉም ይህንኑ ያውቃል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውክልናን ከአንቀጽ 2199 ጀምሮ በዝርዝር ይደነግጋል። ተወካይ ለወካዩ ሂሳብ የማሳየት ግዴታ አለበት፤ ወካዩ በፈለገው ጊዜ ውክልናውን መሻር ይችላል፤ ወካዩ ሲሞት ሥልጣኑ ያበቃል። አንቀጽ 1728 ደግሞ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያሳረፈው የጣት አሻራ፣ በሕግ ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ያልተማረች እናት ባላወቀችው ነገር እንዳትታሰር የተሠራ አጥር ነው።

ባንክ ወደ አገራችን የገባው አቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር ነው፤ እንደኛ ላለ ከተማ ሰው ግን ባንክ ማለት ለረጅም ዘመን የቁጠባ ደብተር ነበር። ገንዘብ ከፋዩ ደብተሩ ላይ ያለውን ፎቶግራፍና ፊቱ የቆመውን ሰው ያስተያያል፤ ፊርማውን ከናሙናው ጋር ያመሳክራል። ሌላ ሰው ከመጣ የውክልና ወረቀት ይጠይቃል። ዓይን ከዓይን ይተያይ ነበር።

የካርዱ ማሽን ግን ፊት አያይም። የመጀመሪያው ገንዘብ ሰጪ ማሽን ለንደን አጠገብ፣ ኤንፊልድ በሚባል ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ተተከለ። ሐሳቡን ያመነጨው ጆን ሼፐርድ ባሮን እንደተናገረው፣ የምስጢር ቁጥሩን ስድስት አኃዝ ሊያደርገው አስቦ ነበር፤ ሚስቱ ግን ከአራት በላይ ማስታወስ እንደማትችል ስለነገረችው አራት ሆነ። እንግዲህ ቁጥሩ ሲታሰብ አንድ ሰው ሳይጽፈው በራሱ ልብ እንዲይዘው ነው። ወደ እኛ አገር ማሽኑን ያስገባው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 አዲስ አበባ ላይ በስምንት ማሽኖች ጀመረ። ባንኮችን በሚያገናኘው በኢትስዊች አማካይነት የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ማሽን መሥራት የጀመረው ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ካርድ ይዞ ለሚላክ ሰው መንገዱ ይበልጥ ተከፈተ።

እኛ ጋ ቁጥሩ በልብ አይያዝም። በብጫቂ ወረቀት ተጽፎ ከካርዱ ጋር በአንድ መሐረብ ይታሰራል። ልጇ ዓረብ አገር ሆና ብር የምትልክላት አንዲት ጎረቤቴ ካርዷን ለእህቷ ልጅ ሰጥታ ነበር። «ልጄ፣ ስንት ቀረኝ?» ስትለው «አለልሽ፣ እማማ» ይላታል። በመጨረሻ ቅርንጫፉ ድረስ አብሬያት ሄድኩ። ዝርዝሩ ወጣ፤ እሷ የማታውቀው ወጪ በየመስመሩ ተደርድሯል። የባንኩ ሠራተኛ የተናገረው ስህተት አልነበረበትም፦ ካርዱ የእሷ ነው፣ ቁጥሩም ትክክል ነው፣ ለባንኩ ያወጣችው እሷ ናት። «የእህቴን ልጅ ከስሼ ከማን ጋር ልኖር ነው?» አለችኝ። ማኅተም የነበረባት ወረቀት ብትኖር ኖሮ ከመክሰስ በፊት መጠየቅ ይቻል ነበር። የሚጠየቅበት ወረቀት ያለው ሰውም ቀድሞ ይጠነቀቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ሞት ሲመጣ ነው። ውክልና በሞት ይሻራል፤ የሟች ገንዘብም በወራሽነት ማረጋገጫ ለወራሾች ይደርሳል። ባንኩ ሞቱን እስኪሰማ ድረስ ግን ካርዱ መሥራቱን አያቆምም። ድንኳኑ ሳይፈርስ ገንዘቡ የወጣበት፣ ወንድማማች በዚያ ሰበብ የተኳረፈበት ቤት አውቃለሁ። በ2013 ዓ.ም. የመጣው ቴሌብርም ሌላ የምስጢር ቁጥር ጨመረልን፤ ስልኩን የያዘው ልጅ ያንንም ያውቀዋል።

መላላክ ይቅር አልልም፤ ያለ እሱ ካቺሲ አትኖርም። ነገር ግን የቀድሞዋን ወረቀት እንመልሳት። እናትህ ማሽን መጠቀም ካልቻለች አብረሃት ባንክ ሂድ፤ ተወካይ ካስፈለጋት ውክልናው በሚያረጋግጥ ሹም ፊት በጽሑፍ ይሁን፤ ምን ያህልና እስከ መቼ እንደሆነ ይጻፍበት። የባንኩ መልእክት በራሷ ስልክ እንዲገባ አስመዝግብላት፣ ሲገባም አንብብላት። አንተም የሰው ካርድ የያዝክ ወጣት፣ ማሽኑ የሚሰጥህን ደረሰኝ ሳትጥል አምጣና ብሩን ሰው ባለበት ቁጠር።